ችካሉ ምን አለ?

ሆኪቲካ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1993

ቦይድ፣

ዛሬ ጠዋት የዝናብ መለኪያው ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ይላል። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተራው ያንተ ነበር፤ እንደ ልማድህ ከአልጋህ አልወረድክም ብዬ ጻፍኩልህ። አያታችን ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሱ የጀመረው የዝናብ ደብተር ግን አንድም ቀን ባዶ አድሮ አያውቅም። አንተ ስለሌለህ ባዶ የሚያድርበት ምክንያት የለም።

ትምህርት ቤት ተከፍቷል። በመጀመሪያው ቀን የላክላንን አፍንጫ ሰበርኩት። ያ የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ልጅ፣ የኳስ ጫማህን ሰርቆ ሽንት ቤት ጣራ ላይ የወረወረብህ። ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሆኖ «የነሱ ቫን መልህቅ አልነበራትም እንዴ?» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ልመታው ያሰብኩት። ከላዩ ላይ ሲያነሱኝ ግን ሸሚዜ በሙሉ ደም ነበር፤ አንዲቷም ጠብታ የኔ አልነበረችም። ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ኩርኩም ታቀምሰኝ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አላባረሩኝም። ሐዘን የደረሰባቸውን ተማሪዎች ወደምታነጋግር ሴትዮ ላኩኝ። ሴትዮዋ ሻይ ሰጠችኝና «ለወንድምህ ደብዳቤ ጻፍለት፣ የልብህን ንገረው» አለችኝ። «የት ብዬ ልላከው?» አልኳት። ሻይ ጨመረችልኝ። እኔ ግን አድራሻህን አውቃለሁ። መሄጃህ ሲደርስ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጽፈህ ፍሪጁ ላይ ለጥፈኸው ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ካልጉርሊ፣ የማዕድን ሠራተኞች ማደሪያ፣ ክፍል 14፣ አጎት ዴስ ጋ። መድረስ ወደነበረብህ ቦታ ልኬልሃለሁ።

ወሬ ልንገርህ። አንተን ያገኙህ በአራተኛው ቀን ነው፤ ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የግንድ ክምር ውስጥ። እናታችን ፊትህን እንዳታይ ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ ሲለምናት በእርግጫ ብላው ገባች። ቀብርህ ላይ ግማሹ ከተማ ነበር። ዝናቡ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ እያጠበ ስላስቸገረ በቆርቆሮ ሸፍነው ነው ያቆዩት። አጎት ዴስ አልመጣም። ልምጣ ብሎ ደውሎ ነበር፤ እናታችን ስልኩን አንስታ «ከአውቶቡስ ስትወርድ በመጥረቢያ ነው የምቀበልህ» አለችው። የገዛ ወንድሟን። ቀልድ አይደለም፤ መጥረቢያውን ማገዶ ከሚቀመጥበት እንጨት ቤት አምጥታ በር ጥግ አስደግፋዋለች፣ እስከ ዛሬ እዚያ ነው።

እሷ የምትለው፣ ዴስ የአውሮፕላኑን ቀን ባያስቀድመው ኖሮ ቦይድ እየተጣደፈ የሞላ ወንዝ ውስጥ አይገባም ነበር ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም ዝም አልኩ።

የችካሉን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ምን እንዳደረግኩ አንተ ታውቃለህ፤ መጨረሻ ላይ ከቫኗ ጣራ ላይ ሆነህ ወደኔ ስታመለክት ያወቅክ ይመስለኛል። አጎት ዴስ ፖስታውን ከከፈተው ብዬ እዚህ አልጽፈውም።

አያታችን መንገደኛ ሲሸኝ እንደሚለው፣ ወንዙ ይጉደልልህ።

ዳርሲ


ካልጉርሊ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1993

ዳርሲ፣ የእህቴ ልጅ፣

እዚህ ዜሮ ነው። ከገና ጀምሮ ዜሮ ነው። ብታምንም ባታምንም እኔም መስኮቴ ላይ ጣሳ አስቀምጬ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አያታለሁ። ውስጧ ያለው ቀይ አቧራና የሞተ ዝንብ ነው።

ፖስታው የቦይድ ስም ነበረበት። የማደሪያው ጠባቂ «ለዚያ ሳይመጣ ለቀረው ልጅ» ብሎ ሰጠኝ። ሁለት ቀን ትራሴ ስር አቆየሁት፣ ከዚያ ከፈትኩት። ይቅርታ የምትፈልግ ከሆነ ይኸው፣ ይቅርታ።

ስለ አፍንጫው ልንገርህ። ሰው ስትመታ አውራ ጣትህ ከቡጢው ውጭ ይሁን፤ አለዚያ የሚሰበረው ያንተው ነው። ሰው መምታት ነውር ነው የሚለውን እናትህ ትምከርህ፤ እሷ ሰላም ወዳድ ሴት ናት፣ መጥረቢያዋን ይዛ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የችካሉን ነገር ለማንም አልተናገርኩም ብለሃል። ችካሉን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር፣ ቦይድ ዘጠኝ፤ እዚያው አያታችሁ አጋዘን ያድንበት በነበረው መስክ፣ ከመሻገሪያው ማዶ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት፣ ሻይ ከማፍላታችሁ በፊት ችካል ቆርጣችሁ የውሃው ጠርዝ ላይ፣ ልክ ጠርዙ ላይ ትመታላችሁ። በየግማሽ ሰዓቱ አንዱ ሄዶ ያያል። ውሃው ችካሉን አልፎ አንድ ክንድ ከተራመደ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ትሻገራላችሁ። ከዘገያችሁ ደግሞ ከፍታ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። የኛ ወንዞች ፈጥነው እንደሚሞሉ ፈጥነው ይጎድላሉ፤ በማግሥቱ በጉልበትህ ትሻገረዋለህ። ይህን ከስማችሁ እኩል ነው የምታውቁት። የሞተው ቱሪስት ቢሆን ኖሮ አልጠይቅም ነበር።

ስለዚህ ልጠይቅህ። ችካሉ ምን አለ? ቦይድ ውሃው ማለፉን እያየ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ብሎ ገብቶ ከሆነ እናትህ ልክ ናት፣ መጥረቢያውም ይገባኛል። ቀኑን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ሰውዬህ እስከ ዘጠኝ ካልደረሰ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ፤ ደወልኩና ለጃንዋሪ ሃያ የነበረውን ለዘጠኝ አደረግኩት። በቃ፣ ያደረግኩት ይኼን ነው። ግን ከመሬት በታች ስድስት መቶ ሜትር ላይ፣ መሰርሰሪያው ጆሮዬ ላይ እየጮኸ፣ ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር የለም። እህቴ ቤት መግባት እፈልጋለሁ። መቃብሩን ማየት እፈልጋለሁ። በምን ፊቴ እንደምገባ ግን ማወቅ አለብኝ።

ብርቱካናማውን የዝናብ ጃኬቱን ላክልኝ፣ ካለ። መልሱንም።

ወንዙ ይጉደልልህ።

አጎትህ ዴስ


ሆኪቲካ፣ ማርች 9 ቀን 1993

ለአጎቴ ለዴስ፣

ሰባ ሁለት ሚሊሜትር። ጣራው ላይ ጠጠር የሚገለብጡ ነበር የሚመስለው። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ጃኬቱን መላክ አልችልም፤ እናቴ ለብሳዋለች። ቤት ውስጥም ትለብሰዋለች። ድንች ስትልጥ እጅጌው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አትሰበስበውም።

ጉዞው እንዴት እንደነበር ልንገርህ። ጃንዋሪ አምስት ቀን ጠዋት ከቤት ወጣን። የሮስን ከተማ ሳናልፍ ዝናቡ ጀመረ፣ ዋታሮአ ስንደርስ ወደ ጎን ይዘንብ ነበር። ቦይድ ደስ ብሎት ነበር። መስኮቱን ከፍቶ ያየውን ላም ሁሉ ይሳደብ ነበር። ከተራራው የሚወርደው የበረዶ ግግር ጋ ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ ማንም አልነበረም፤ በቀቀኖቹ ብቻ። አንደኛው እፊታችን እየዘለለ ሲያስቀን ሦስቱ ከኋላ ሆነው የዝናብ መጥረጊያችንን ጎማ ቦጭቀው በሉት። ቦይድ መጥበሻ ይዞ አባረራቸው። አንዱን አገኘው፤ ወፉ ግን ተነስቶ ተሳድቦ ሄደ።

በረዶው ዘንድሮ ወደፊት እየመጣ ነው። አንተ የምታውቀው ቦታ ላይ የለም። ጫካው ውስጥ ገብቶ ዛፎቹን ከነሥራቸው እየገፋ ይሰብራቸዋል፤ ሲሰበሩ እንደ ጠመንጃ ይጮኻሉ። ቦይድ ከማገጃው ገመድ አልፎ ሄዶ ድንጋይ ይወረውርበት ጀመር። «ና! ና እንጂ ፈሪ!» ይለዋል። እውነትም መጣ። ቤታችንን የሚያክል ቁራጭ ከላይ ተገንጥሎ ወረደ፤ መሬቱ እግሬ ስር ዘለለ። ቦይድ እየሳቀ ሮጠ፣ ወደቀ፣ አገጩ ተሰነጠቀ፣ ደሙን እየዋጠ ይስቅ ነበር። «አየኸው? ሰማኝ እኮ!» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መስታወቱን የሚጠርግልን አልነበረም። የጫማ ክሮቻችንን ቀጣጥለን ከመጥረጊያው ላይ አሰርን፤ እኔ በጎን መስኮት እስባለሁ፣ እሱ በሌላው እጁ ይመልሰዋል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንደዚያ ነዳን።

«ሳብ! ሳብ አልኩህ! ምንም አይታየኝም!»

«እጄ ዝሏል።»

«እጅህን ቆርጬ እኔው እስበዋለሁ። ሳብ!»

በማግሥቱ መሻገሪያውን አልፈን የአያታችን መስክ ላይ ሰፈርን። ቦይድ ቋሊማ እየጠበሰ ሳለ፣ መጥበሻውን እያየ፣ አውሮፕላኑ በዘጠኝ ነው አለኝ። በሃያ መስሎኝ ነበር። ከጉዞው በኋላ አሥር ምናምን ቀን ያለን መስሎኝ ነበር። ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ብነግርህ ምን ልታደርግ ነው? ሚስቴ ነህ እንዴ?» አለኝ።

መጥበሻውን ከነቋሊማው አንስቼ ጆሮው ላይ መታሁት። ዘይቱ አንገቱን ላጠው። እሱ የፊት ጥርሴን በቡጢ ሰበረው። ጭቃው ውስጥ ተንከባለልን፤ ነከስኩት፣ ጎኔን በጉልበቱ መታኝ። መጨረሻ ላይ ጀርባዬ ላይ ተቀምጦ ፊቴን ውሃ ውስጥ ደፈቀው። «በቃኝ በል» ይለኛል። አልልም። ውሃ እየጠጣሁም አላልኩም። እሱ ነው ቀድሞ የለቀቀኝ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አፌን አጠበልኝ፣ ደረቁን የመኝታ ከረጢት ለኔ ሰጠኝና እሱ እርጥቡ ውስጥ ተኛ። የተቃጠለ አንገቱን አላሳየኝም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞላ። ቦይድ በቫኗ ሊሻገር ሞከረ። የቀረውን ፖሊሱ ጽፎታል።

የምለምንህ ነገር አለኝ። የቦይድን የሥራ ቦታ ለኔ ብትጠይቅልኝ? አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፣ ቁመቴ ከሱ አያንስም። ትምህርቱን አቋርጣለሁ። አልጋውም የተያዘ ካልሆነ።

ወንዙ ይጉደልልህ።

ዳርሲ


ካልጉርሊ፣ ማርች 20 ቀን 1993

ዳርሲ፣

ዜሮ።

ሰባት ገጽ ጻፍክልኝ። ወፎቹ አሉ፣ መጥበሻው አለ፣ የጫማው ክር አለ። ችካሉ የለም። ወንዙ ሞላ፣ ሊሻገር ሞከረ፣ አበቃ። እኔ በዚያ ወንዝ ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ አድርገህ ለቱሪስት ንገር።

ሥራውን አልጠይቅልህም። ከሰው ለመሸሽ ብሎ ከመሬት በታች የገባ ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ልጁ መዋኘት አይችልም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምናልባት ለክፋት አልነበረም። መንጋጋውን አወለቅኩት። ሁለት ጣቴ ተሰብሯል፣ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። አውራ ጣቴ ከውጭ ነበር፤ ምንም አልጠቀመኝም።

የሚቀጥለው ደብዳቤህ ስለ ችካሉ ካልሆነ አትጻፍልኝ።

ዴስ


ሆኪቲካ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1993

ለአጎቴ ለዴስ፣

ስምንት ሚሊሜትር።

ደብዳቤህን «ወንዙ ይጉደልልህ» ሳትል ነው የዘጋኸው። ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቀዷል።

ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ ቦይድ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሎበት ነበር፣ ከድንኳኑ ሆኖ እንዲታየው። ያን ቀን፣ ጃንዋሪ ሰባት፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ቦይድ «እኔ ዕቃ እሸክፋለሁ፣ አንተ ችካሉን ጠብቅ። ነገ በማለዳ እንወጣለን» አለኝ። ከተጣላን በኋላ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር። አፌ አብጦ ስለነበር ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

መጀመሪያ ሄጄ ሳይ ውሃው ችካሉን ሁለት መዳፍ አልፎታል። ቆሜ አየሁት። አንድ ክንድ ሲሆን ብነግረው እዚያው እንሻገራለን፣ በማግሥቱ ክራይስትቸርች ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን አንተ ጋ ነው። ካልነገርኩት መሻገሪያው ይዘጋል። ሁለት ቀን እዚያ እንታገታለን፣ ቋሊማውም ዳቦውም ነበረን። አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ አለቃህ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል፣ ቦይድ በጣም ይሰድበኛል፣ ከዚያ ቤት እንገባለን። ያሰብኩት ይህንን ነው። የአያታችን መስክ ውሃ ገብቶበት አያውቅም፣ አንተም እንደዚያ ብለኸናል።

ነቀልኩት። ወደ ላይ አምጥቼ አዲሱ ጠርዝ ላይ በድንጋይ መታሁት።

«ምን ይላል?» አለኝ ከድንኳኑ።

«ውሃው ቆሟል» አልኩት።

ሦስት ጊዜ አደረግኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ ቆሟል አልኩት። በሦስተኛው ላይ ድንጋዮቹ ከውሃው በታች ሲንከባለሉ ይሰማ ነበር፤ እንደ ባቡር። እሱ ነጎድጓድ መስሎት ነበር።

አሥር ሰዓት ግድም ውሃው ከኋላችን መጣ። በረዶው ዘንድሮ ያመጣው ጠጠር ወንዙን ከፍ አድርጎት ነበር መሰለኝ፤ በጫካው ውስጥ በድሮው ደረቅ ቦይ በኩል ሰብሮ ወጣ። ድንኳኑን ከነካስማው ነቀለው። ቦይድ ወደ ወንዙ ዞሮ ችካሉን አየ። ቀዩ ፕላስተር ውሃው ጠርዝ ላይ ነበር።

«ከፊት አልሞላም! ውሃው ችካሉ ላይ ቆሟል ብለሃል፣ የሚመጣው ከኋላ ነው! ቶሎ ግባ፣ በመሻገሪያው እንወጣለን!» አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ከፍ ያለው ዳገት ሃምሳ እርምጃ ነበር፣ ሮጠን እንደርስ ነበር። አፌን ከፈትኩ። «አልገባም» ብቻ ነው የወጣኝ። ዛፍ አቀፍኩ። እጄን ሊያላቅቀኝ ሞከረ፣ ሆዴን በቡጢ መታኝ፣ አለቀቅኩም።

«እሺ! ቫኗን አሻግሬ በገመድ እመለስልሃለሁ፣ አንተ በግ!» አለኝ። ያ ነው የሰማሁት የመጨረሻ ቃሉ።

በአንደኛ ማርሽ ገባ። ጎማው ጠፋ፣ በሩ ጠፋ። መሃል ላይ ሞተሩ ሞተ። ቫኗ ወደ ጎን ዞረች፣ ድንጋዩ ከሥር ሲመታት ብረቱ ይጮኻል። በመስኮት ወጥቶ ጣራው ላይ ቆመ። ከዚያ ላይ ሆኖ ችካሉን አየ፣ ወንዙን አየ፣ እኔን አየ። በጣቱ ወደኔ እያመለከተ ጮኸ። ለእናቴ «ደህና ነኝ ሲል ሰምቼዋለሁ» ብያታለሁ። ውሸት ነው። ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ከላይ አንድ ዛፍ ከነሥሩ መጣ። አላየውም፣ ወደኔ ነበር የሚያየው። ሥሩ ጭንቅላቱን መታው። ቫኗም ተገለበጠች። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለ አውሮፕላኑ ብሎ አይደለም የገባው። እኔ ቆሟል ስላልኩት ነው።

ዳርሲ


ካልጉርሊ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1993

ዳርሲ፣

ጣሳዬ የለችም፣ ስለዚህ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ደብዳቤህን ባነበብኩ ዕለት በክፍሌ ውስጥ የሚሰበር ነገር ሁሉ ሰብሬ፣ እሷን በጫማዬ ጨፍልቄአታለሁ። ፊቴ ቆመህ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግህ እንደነበር አላውቅም። ጥሩ ነገር አይሆንም ነበር። አንተ ስላልዋሸኸኝ እኔም አልዋሽህም።

ሥራ የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው። መሰርሰሪያውን ይዤ ሳስበው፣ እኔ ወደዚህ ስጎትተው አንተ ወደዚያ ትጎትተው ነበር። እኔ ስልክ ነበረኝ፣ አንተ ያለህ ችካል ብቻ ነበር። ይህን የምልህ ነጻ ነህ ልልህ አይደለም። አይደለህም። ብቻ ደግሜ ሳነበው የታየኝ ይኼ ነው።

ለእናትህ ንገራት። በአፍህ፣ ፊቷ ቆመህ። በኔ በኩል አይሆንም። ሜይ 22 ቀን በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ በምን እንደምትቀበለኝ እሷ ታውቃለች።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩ ያገኘህ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ያን ጠዋት ብቻህን ምን ስታደርግ ነበር? የጠየቀህ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወንዙ ይጉደልልህ።

አጎትህ ዴስ


ሆኪቲካ፣ ሜይ 1 ቀን 1993

ለአጎቴ ለዴስ፣

ሃያ ስድስት ሚሊሜትር።

ነገርኳት። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምድጃው ጋ ቆማ ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ነገርኳት፤ ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ። ቦይድ «ደህና ነኝ» አላለም፣ አልሰማሁትም፣ ያንንም ፈጥሬ ነው አልኳት። በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በሌላው እጇ፣ ከዚያ በሁለቱም። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። አልሸሸሁም፣ እጄንም አላነሳሁም። ሲደክማት መጥረቢያውን ከበር ጥግ አነሳች። እውነቱን ልንገርህ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወጣች። እንጨት ቤቱ ውስጥ ስትፈልጥ ሰማኋት። ለክረምቱ የተከመረውን ግንድ በሙሉ ፈለጠችው፣ ያልደረቀውንም ጭምር። ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ቆሞ «ሎርና፣ ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት «ወደ ቤትህ ግባ!» ስትለው ሰማሁ። ስትመለስ መዳፏ ተልጧል፣ የጃኬቱ እጅጌ ደም ነክቶታል። መጥረቢያውን ይዛ አልተመለሰችም።

«እንጨት ቤት ነው ያለው። ለዴስ ጻፍለት» አለችኝ። «አንተ ግን አሁን አታናግረኝ።»

ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ዛሬ ጠዋት መለኪያውን አይቼ ስገባ ደብተሩን ራሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች። ቀና ሳትል «ስንት ሆነ?» አለች። «ሃያ ስድስት» አልኳት። ጻፈችው።

ስለዚያ ጠዋት።

ዝናቡ ቆሞ ነበር። ሌሊቱን ካደርኩበት ዳገት ስወርድ አንድ እግሬ ጫማ አልነበረውም። ድንኳኑ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት፤ ጃኬቱ ውስጡ ነበር። ወንዙ ጎድሏል፣ አንተ እንዳልከው። ቫኗ የለችም። ችካሉ ግን ለሦስተኛ ጊዜ በተከልኩበት ቦታ ነበር፤ ትንሽ ዘመም ብሎ፣ ከውሃው ርቆ፣ ደረቅ ድንጋይ መሃል። ያ ሁሉ ውሃ ሲያልፍበት ለምን እንዳልወሰደው አላውቅም።

ነቀልኩት። መጀመሪያ የተከልኩበትን ቦታ ፈለግኩ። ድንጋዮቹ በሙሉ ተለዋውጠው ስለነበር አላገኘሁትም። ስለዚህ ወደ ውሃው ወርጄ ጠርዙ ላይ፣ ልክ ጠርዙ ላይ፣ በድንጋይ መታሁትና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጥቃቅኖቹ ዝንቦች እግሬን ይነክሱኝ ነበር፣ አላባረርኳቸውም። ግማሽ ሰዓት ሲመስለኝ ተነስቼ አየሁ። ውሃው ከችካሉ አንድ መዳፍ ሸሽቷል።

ወደ ድንኳኑ ዞሬ «ቦይድ! ጎድሏል! አንድ መዳፍ!» ብዬ ጮኽኩ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩና አየሁ። «ቦይድ! ሁለት መዳፍ!» አልኩ። ድምፄ ማዶ ካለው ገደል እየተመለሰ ይመጣ ነበር። እንደዚያ በየግማሽ ሰዓቱ አየሁ፣ ያየሁትን ጮኽኩ። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ሰባተኛዬ ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ለካሁ። አንድ ክንድ ከአንድ መዳፍ ነበር። እንደዚያው ብዬ ለቦይድ ነገርኩት።

ዳርሲ